ምዕራፍ 7፦ ሥራ የፈታው መስኮት

እሑድ አመሻሽ ላይ ከአዳማ፣ ከሞጆና ከቢሾፍቱ የሚመለሰው መኪና ቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ላይ ይገናኛል። (የባሌውን ተራራ ሳይሆን የአቃቂ ቃሊቲውን ማለቴ ነው።) በፍጥነት መንገዱ ላይ ቀይ መብራትም፣ አህያም፣ ባጃጅም ሳያቆመው የመጣ አሽከርካሪ እዚህ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ሲገባ የተሰጠውን ካርድ ይመልሳል፤ የተጓዘው ርቀትና የመኪናው ዓይነት ታይቶ የተነገረውን ሂሳብ ከፍሎ ያልፋል። ከፊቱ አሥር አሥራ አምስት መኪና ከተደረደረ ግን ዐይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በተዘጋው መስኮት ላይ ነው። «ምናለ ያኛውንም ቢከፍቱት?»

ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ ሌላ ሰው አለ። ባንክም ይሁን መድኃኒት ቤት ወይም የክፍያ ጣቢያ፣ መስኮት ያለው ድርጅት ኃላፊ ሁሉ ረቡዕ ረፋድ ላይ ዞር ዞር ሲል እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሠራተኛ ያያል። እሱም ይጠይቃል፤ «ለዚህ ሰውዬ ደመወዝ የምከፍለው ቁጭ ብሎ እንዲውል ነው?»

ሁለቱ ጥያቄዎች የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ መልሳቸው አንድ ነው፤ ይህም ምዕራፍ ስለዚያ መልስ ብቻ ነው። ባለፈው ምዕራፍ አማካይ ቁጥር ብቻውን ሲቀርብ ምን ያህል ነገር እንደሚሸፍን አይተናል። እዚያ የተነጋገርነው ስለ ዝናብ ነበር። ሰልፍ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከዝናቡም ይብሳል።

ሂሳቡ የሚሸውድበት ቦታ

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ለተሽከርካሪ ተከፈተ። በመሄጃም በመምጫም ሦስት ሦስት ረድፍ፣ በድምሩ ስድስት ረድፍ አለው። አንድ የፍጥነት መንገድ ረድፍ በሰዓት ከሺህ መኪና በላይ ሊያሳልፍ ይችላል። አንድ ክፍያ ተቀባይ ግን ካርድ ተቀብሎ፣ ሂሳብ ነግሮ፣ ብር ቆጥሮ፣ መልስና ደረሰኝ ሰጥቶ ያን ያህል ማስተናገድ አይችልም። መንገዱ ጣቢያው ጋ ሲደርስ ሰፍቶ ከረድፎቹ ቁጥር ወደሚበልጡ መስኮቶች የሚከፋፈለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ መስኮት አንድን መኪና ለመሸኘት በአማካይ 20 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። (ቁጥሩን የወሰድኩት ለማሳያ ነው፤ ሂሳቡን ቀላል ያደርገዋል።) በሰዓት 180 መኪና ማስተናገድ ይችላል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት የሚመጣው መኪና 162 ቢሆንስ? 162 ከ180 ያንሳል። ሠራተኛው ከ60ው ደቂቃ 54ቱን ይሠራል፣ 6ቱን ያርፋል። በወረቀት ላይ መስኮቱ ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል።

ታዲያ አንድ አሽከርካሪ ተራው እስኪደርስ በአማካይ ስንት ይጠብቃል? ብዙ ሰው «ምንም» ወይም «ጥቂት ሰከንድ» ይላል። ትክክለኛው መልስ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ለ20 ሰከንድ ሥራ ዘጠኝ እጥፍ ጥበቃ!

ምክንያቱ መኪኖች በቀጠሮ አለመምጣታቸው ነው። በ22 ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ቢመጡ ኖሮ ማንም ማንንም አይጠብቅም ነበር። የሚመጡት ግን እንደ ፈቀዳቸው ነው። ከአንድ መናኸሪያ የወጡ ሦስት ሚኒባሶች ተከታትለው ይደርሳሉ፤ ከኋላቸው ከጂቡቲ መስመር የመጣ ባለ ተሳቢ ይከተላል፤ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ መንገዱ ጭር ይላል። ጭር ባለበት ደቂቃ ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ምንም። ቀጥሎ ለሚመጣው ግርግር ቀድሞ ሊሠራ የሚችለው ነገር የለም።

የአገልግሎት ሥራን ከእንጀራ ጋጋሪ ሥራ የሚለየው ይህ ነው። ጋጋሪዋ ጠዋት ፋታ ካገኘች ሠላሳውን ጋግራ ሞሶብ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ እንግዳው እኩለ ቀን ላይ በአንዴ ቢመጣም አያሳስባትም። የጠዋቱ ፋታ ለቀትሩ ሩጫ ተቀምጧል። ክፍያ ተቀባዩ ግን ሞሶብ የለውም። ያልመጣን መኪና አስቀድሞ ማስተናገድ አይቻልም። ባዶ ያለፈው ደቂቃ ለዘለዓለሙ አለፈ፤ የተጨናነቀው ደቂቃ ዕዳ ግን ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ጥድፊያው ይጠራቀማል፣ ፋታው አይጠራቀምም። የሰልፍ ነገር እንቆቅልሽ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ከዘጠና በመቶ ወዲያ

ነገሩን ለማስላት የሒሳብ ምሁር መሆን አያስፈልግም። መኪኖቹ ያለ ሥርዓት የሚመጡ ከሆነ፣ የየአንዳንዱም አገልግሎት ጊዜ አንዴ አጭር አንዴ ረጅም ከሆነ፣ መስኮቱ በሥራ የሚያሳልፈውን ጊዜ ሥራ ፈቶ ለሚያሳልፈው ጊዜ ማካፈል ነው። 90 በመቶ ሥራ፣ 10 በመቶ ፋታ፤ 90 ለ10 ሲካፈል 9። አማካይ ጥበቃው አንድን መኪና ለማስተናገድ ከሚፈጀው ጊዜ 9 እጥፍ ነው።

አሁን መደወያውን ዝቅና ከፍ እናድርገው። መስኮቱ ግማሹን ጊዜ ብቻ ሲሠራ ጥበቃው 20 ሰከንድ ነው። 80 በመቶ ሲሠራ 80 ሰከንድ፣ 90 በመቶ ሲሠራ 3 ደቂቃ፣ 95 በመቶ ሲሠራ 6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል። 99 በመቶ ላይ ሲደርስ፣ ሁኔታውም ለረጅም ሰዓት ሳይለወጥ ከቀጠለ፣ 33 ደቂቃ ይሆናል። ከ50 ወደ 80 ስንወጣ የጨመርነው አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ከ95 ወደ 99 ስንወጣ ግን ከ26 ደቂቃ በላይ ጨመርን። መቶ በመቶ ላይ ማካፈያው ዜሮ ይሆንና ሂሳቡ ራሱ እምቢ ይላል፤ ሰልፉ መጠን አጥቶ እያደገ ይሄዳል ማለት ነው።

ሠራተኛን «ሙሉ በሙሉ መጠቀም» የሚለው የቢሮ አነጋገር የሚያስፈራኝ በዚህ የተነሳ ነው። ለማሽን ሊሠራ ይችላል። ለመስኮት ግን፣ የሠራተኛው ፋታ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር የሌላው ሰው ጥበቃ ሰማይ ይነካል።

የኮፐንሃገኑ ሒሳብ ሠሪ

ይህን ሂሳብ የጀመረው ከመኪናም ከመድኃኒትም ጋር ጉዳይ ያልነበረው ሰው ነው። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1878 ዴንማርክ ውስጥ ተወለደ፤ በ1908 በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ስልክ የሚያገናኙት በማገናኛ ሰሌዳ ፊት የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። የኩባንያው ጭንቀት ግልጽ ነው፤ ስንት መስመርና ስንት አገናኝ ያስፈልጋል? ጥቂት ከሆኑ ደንበኛው ይጠብቃል፣ ብዙ ከሆኑ ገንዘቡ ይባክናል። ኤርላንግ በ1909 የመጀመሪያ ጽሑፉን አሳተመ፤ ዋናዎቹን ቀመሮቹን ደግሞ በ1917። ዛሬም የስልክ ጭነት የሚለካው በስሙ በተሰየመ መለኪያ ነው።

ሐሳቡን ከስልክ ወደ ክፍያ ጣቢያ ካመጡት ሰዎች ዋነኛው ሌዝሊ ኢዲ ነው። የኒውዮርክ ወደብ ባለሥልጣን ባልደረባ ሆኖ የድልድይና የዋሻ ክፍያ መስኮቶችን አጠና፤ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1954 አሳተመ፤ በዘርፉ ትልቅ ክብር የሚሰጠውን የላንቸስተር ሽልማት የመጀመሪያ ተሸላሚም ሆነ። ከኢዲ በፊት የመስኮቱ ብዛት ለተቆጣጣሪው ግምት የተተወ ነበር፤ ሰልፍ ሲረዝም ይከፈታል፣ ሲያጥር ይዘጋል። ኢዲ ግን መኪኖቹን ቆጠረ፣ ጥበቃውን ለካ፣ ከዚያም የቀኑ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ሰው እንደሚፈልግ አስቀድሞ የሚናገር የፈረቃ ሰሌዳ አወጣ። የሠራተኛው የዕረፍት ሰዓትም በሰሌዳው ውስጥ ታስቦ ገባ። ሰልፉን አይቶ መስኮት መክፈት ሁልጊዜ ዘግይቶ መክፈት ነው፤ ሰልፉ ሲታይ ዕዳው ቀድሞ ተጠራቅሟልና።

አንድ ሰው ሲጨመር

ወደ ቱሉ ዲምቱው ምሳሌያችን እንመለስ። የእሑዱ ትራፊክ በእጥፍ ጨምሮ በሰዓት 324 መኪና ሆነ እንበል፤ ሁለት መስኮት ተከፈተ። እያንዳንዱ መስኮት አሁንም 90 በመቶ ይሠራል። መኪኖቹ ለሁለት ተከፍለው ማንም ወደ ሌላው ሰልፍ መሻገር ካልቻለ ጥበቃው ያው 3 ደቂቃ ነው። ሁሉም በአንድ ሰልፍ ቆመው ባዶ ወደሆነው መስኮት በተራ ቢሄዱ ግን ጥበቃው ወደ 85 ሰከንድ ይወርዳል፤ ምክንያቱም አንዱ መስኮት ሥራ ፈቶ በሌላው የሚሰለፉበት ጊዜ አይኖርም። (አሽከርካሪዎቻችን አጭሩን ሰልፍ አይተው ዘው ማለት ስለሚያውቁበት እውነቱ ከሁለቱ መካከል፣ ወደ 85ቱ ተጠግቶ ነው።)

አሁን ሦስተኛ መስኮት ይከፈት። ጥበቃው ስንት ይሆናል? ከ85 በሦስተኛ ቀንሶ 57 ሰከንድ የሚመስለው ብዙ ነው። የኤርላንግ ቀመር የሚሰጠው መልስ 6 ሰከንድ ነው።

ኃላፊው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ሦስቱ ሠራተኞች አሁን 60 በመቶ ብቻ ይሠራሉ፤ እያንዳንዳቸው ከሰዓቱ 24 ደቂቃ ያለ ሥራ ይቀመጣሉ። ያ በመዝገብ ላይ ይታያል። በመዝገብ ላይ የማይታየው ደግሞ ይኸው፤ 324 መኪኖች እያንዳንዳቸው 79 ሰከንድ አተረፉ። ሲደመር ሰባት ሰዓት ይሆናል። አንድ ሠራተኛ ለአንድ ሰዓት በመቀመጡ ሰባት የመኪና ሰዓት ዳነ፤ በየመኪናው ውስጥ ያለውን ሰውና የሚቃጠለውን ነዳጅ ሳንቆጥር። የሠራተኛው ፋታ ደንበኛው የሚገዛው ዕቃ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ይህ ማለት ግን ሦስቱም መስኮት ቀኑን ሙሉ ይከፈት ማለት አይደለም። ረቡዕ ረፋድ በሰዓት 100 መኪና ከመጣ አንድ መስኮት ጥበቃውን 25 ሰከንድ ላይ ያቆመዋል፤ ሁለተኛው እምብዛም አይጠቅምም። የተዘጋው መስኮት ጥፋት የሚሆነው ሰዓቱ ሲሳሳት ነው። ሰዓቱን መገመት ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ኢሬቻ በቢሾፍቱ ሆረ አርሰዲ ሲከበር፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ ወደ ምሥራቅ ሲወጣና ሲመለስ፣ መንገዱ እንደሚጨናነቅ ዓመቱ ሳይጀምር በቀን መቁጠሪያ ላይ ተጽፏል።

ዝርዝር የሌለው መኪና

እስካሁን የእያንዳንዱ መኪና ጉዳይ አንዴ አጭር አንዴ ረጅም ነው ብለናል። ሁሉም መኪና ልክ 20 ሰከንድ ቢፈጅስ? አማካዩ አልተቀየረም፣ የሠራተኛው ፍጥነትም አልተቀየረም። ጥበቃው ግን በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 በመቶ ላይ 3 ደቂቃ የነበረው አንድ ተኩል ደቂቃ ይሆናል።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ይህ ልዩነት በሁለቱ የመንገዱ ጎኖች ይታያል። ከአዲስ አበባ የሚወጣው መኪና የሚያደርገው ካርድ መቀበል ብቻ ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ አጭር ሥራ። ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ግን ይከፍላል። አንዱ የተቆጠረ ብር በእጁ ይዞ ይደርሳል። ሌላው ባለ 200 ብር ኖት ዘርግቶ «ዝርዝር የለኝም» ይላል። ሦስተኛው ካርዱን ከወንበር ሥር ይፈልጋል። ከኋላቸው ያለው ሁሉ መሻገሪያ የለውም፤ በግራና በቀኝ ያለው ኮንክሪት ያንን አይፈቅድም። በጥሬ ገንዘብ ፈንታ በስልክ ወይም በካርድ መክፈል ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው የሁሉንም ጊዜ ሲያቀራርብ ነው። ኔትወርኩ አንዴ በሁለት ሰከንድ፣ አንዴ በሁለት ደቂቃ የሚመልስ ከሆነ አማካዩ ቢያጥርም ሰልፉ ላያጥር ይችላል።

እግረ መንገድ፣ በሰልፍ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው የሚጠቅም ብልሃት አለ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ በመስኮትህ ስንት መኪና እንደሚያልፍ ቁጠር፤ ከፊትህ ያሉትን በዚያ አካፍል። ሦስት እያለፉ ሃያ አራት ከፊትህ ካሉ ስምንት ደቂቃ ነው። ይህ ቀላል ዝምድና ሰልፉ ምንም መልክ ቢኖረው እንደሚሠራ ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1961 በማስረጃ አረጋግጧል።

መድኃኒት በመኪና መስኮት

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ትልልቅ የመድኃኒት ቤት ድርጅቶች የክፍያ ጣቢያውን የመሰለ መስኮት በግድግዳቸው ላይ ከፍተዋል። በሽተኛው ከመኪናው ሳይወርድ ማዘዣውን ይሰጣል፣ መድኃኒቱን ይቀበላል። ልጅ የታቀፈች እናት፣ እግሩ የታሰረ ሰው፣ ተላላፊ በሽታ የያዘው ሰው ይጠቀማል። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ደቡብ ኮሪያ ምርመራውን ራሱን በመኪና መስኮት ማድረጓ ይታወሳል።

ነገር ግን መድኃኒት ማደል ካርድ መስጠት አይደለም። የአንዱ ማዘዣ አንድ ሽሮፕ ነው፤ የሌላው የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት ተደርድሮበት እርስ በርሱ ይጋጭ እንደሆነ መታየት አለበት። የሦስተኛው ጽሕፈት አይነበብም፤ ሐኪሙ ጋ ይደወላል። ዝርዝር የሌለው መኪና እዚህ አሥር እጥፍ ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። መደበኛው መፍትሔ ጉዳዩ የተወሳሰበውን መኪና «ገለል ብለህ ቁም» ማለት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ማቆሚያ ቦታ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ሌላው ችግር በአብዛኛው የመኪናው መስኮትና የውስጡ መስኮት የሚጋሩት ሠራተኛ መኖሩ ነው። ጡሩንባ ያለው ይቀድማል፤ በእግሩ የመጣው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቆያል።

የአገራችን መድኃኒት ቤት መልኩ ሌላ ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ማዘዣው በአንድ መስኮት ይገመገማል፣ ዋጋው ይሠራል፤ በሌላ መስኮት ይከፈላል፤ በሦስተኛው መድኃኒቱ ከምክር ጋር ይሰጣል። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋው፣ መድኃኒቱና ገንዘቡ ኦዲት እንዲደረግ የሚያስችለው አሠራር ሥራውን እንዲህ ይከፍለዋል። ለተጠያቂነት የማይተካ ጥቅም አለው። ከሰልፍ አንጻር ግን ሦስት መስኮት በተከታታይ እንጂ ጎን ለጎን አይደለም፤ የሁሉም ፍጥነት በቀርፋፋው ይወሰናል። አራት ገምጋሚና አንድ ካሸር ማስቀመጥ ሰልፉን ከአንድ በር ወደ ሌላ በር ማዛወር ብቻ ነው።

ወደ ቁጥር እንምጣ። አንዲት ፋርማሲስት ለአንድ ሰው በአማካይ 4 ደቂቃ ትፈጃለች እንበል። በሁለት ሰዓት 24 ሰው ከመጣ አማካይ ጥበቃው 16 ደቂቃ ነው። 27 ሰው ከመጣ 36 ደቂቃ ይሆናል። ሦስት ሰው ብቻ! ሰልፉ ሲያጉረመርም ፋርማሲስቷ ምን ትቆርጣለች? ክኒን መቁጠሩን መቁረጥ አይቻልም፣ መዝገቡንም መዝለል አይቻልም። የምትቆርጠው ምክሩን ነው። «ከምግብ በኋላ ነው፤ ቢሻልህም እስኪያልቅ ድረስ እንዳታቋርጥ፤ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ?» የሚለው አንድ ደቂቃ ሲወጣ አራቱ ሦስት ይሆናል፤ ጥበቃውም ከ36 ወደ 6 ደቂቃ ይወርዳል።

ፈተናው ምን ያህል እንደሆነ እዩት። በወረቀት ላይ ይህ ድንቅ የቅልጥፍና ውጤት ነው፤ ሰልፉ ጠፋ፣ ማንም አላጉረመረመም፣ ሠራተኛ አልተጨመረም። አንቲባዮቲኩን በሦስተኛው ቀን ያቋረጠው ሰው ግን የትም አልተመዘገበም። የመድኃኒት ቤትን ቅልጥፍና በጥበቃ ደቂቃ ብቻ የሚለካ ሁሉ ሳያውቀው ይህ ምክር እንዲቆረጥ እያዘዘ ነው ብዬ አምናለሁ። በመኪና መስኮት ሲሆን፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ከኋላ ጡሩንባ እየተነፋ፣ ምክሩ ይበልጥ ይሳሳል።

መምጣቱን መቀነስ

መስኮት መጨመር ያልተቻለበት ቦታ ላይ ሌላ መንገድ አለ። 90 በመቶ በሚሠራ መስኮት ላይ ከሚመጡት ሰዎች አንድ አሥረኛው ብቻ ቢቀነስ መስኮቱ 81 በመቶ ይሠራል፤ ጥበቃው ከ9 እጥፍ ወደ 4.3 እጥፍ፣ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሁሉ ጥቂት እርምጃ ቢያፈገፍግ ብዙ ያተርፋል።

ኢትዮጵያ ይህን በትልቁ ሞክራዋለች። በ2010 ዓ.ም. የጤናቸው ሁኔታ የተረጋጋ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ እንዲወስዱ የሚያደርግ የቀጠሮ ማራራቂያ አሠራር ተጀመረ። ቀድሞ በየሦስት ወሩ ይመጣ የነበረ ሰው በዓመት ሁለቴ ብቻ ይመጣል። የዚያ ሰው የመስኮት ጊዜ በግማሽ ቀነሰ፤ ለበሽተኛው ደግሞ የትራንስፖርቱ ወጪና ከሥራ የሚቀርበት ቀን ቀነሰለት። የተረፈው ጊዜ አዲስ ለጀመረው፣ መድኃኒቱ ላልተስማማው፣ ብዙ ጥያቄ ላለው ሊውል ይችላል። አሠራሩ የሚፈልገው ነገር አለ፤ ለስድስት ወር የሚበቃ መድኃኒት በመጋዘን መኖር አለበት። ሰልፉ ከመስኮቱ ጠፍቶ ወደ አቅርቦቱ መሥሪያ ቤት እንዳይዛወር ማለቴ ነው።

የክፍያ መንገድ ግን ሰውን በስድስት ወር አንዴ ና ማለት አይችልም። እዚያ መምጣቱን የሚቀንሰው አሽከርካሪው ራሱ ነው፤ ሰልፉን ከሩቅ አይቶ ወይም ከጓደኛው ሰምቶ በዱከም በኩል በነባሩ መንገድ ሊመለስ ይችላል። ሰልፍን አይቶ የሚሸሽ ሰው ሂሳባችንን እንዴት እንደሚያዛባው፣ አንዳንዴም የሸሸበት መንገድ ከሸሸው ሰልፍ ለምን እንደሚብስበት በምዕራፍ 8 እናያለን።